ምስጢሯ የጸሎት ርዕስ ሆነ

ሰኞ

ለሊሴ የለችም! በጤና ጣቢያችን የደረሱ እናቶች ምጥ እስኪጀምራቸው የሚያርፉበት ክፍል ስገባ አንሶላዋ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጠዋት የሞላሁላት ፔርሙዝ አልተነካም። እንድትቆይ የለመንኳት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ወልዳ፣ ብዙ ደም ፈሷት ከሞት የተረፈች ሴት ናት። አሁን ምጥ እንደጀመራት በአምቡላንስ ወደ አምቦ ልንልካት ነበር ስምምነታችን።

ዘበኛው "አማቷ መጥተው ወሰዷት፤ ሁለቱም ሲያለቅሱ ነበር" አለኝ። ለምን ለቀቅካት ብዬ ጮህኩበት። እሱ ምን ያድርግ?

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ቤቷ ሄድኩ። አማቷ አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው አላስገቡኝም። "እኔ ሌላ ልጅ ስጣቸው እያልኩ ሦስት ዓመት ስጾም ስጸልይ፣ እናንተ መርፌ ትወጓት ነበር!"

እውነታቸውን ነው። ለሊሴ ያን ደም ስለፈራች፣ ባሏም አማቷም ሳያውቁ በየሦስት ወሩ እየመጣች የወሊድ መከላከያ ስትወጋ ነበር። የምወጋት እኔ ነኝ። በኋላ ራሷ "አሁን ደፍሬያለሁ" ብላ አቆመች።

ከውስጥ ድምጿ መጣ። "ሲ ሂን በርባዱ! አልፈልግሽም ሲስተር! አንቺን አምኜ ነበር እኮ።"

ማን ነገራቸው? ከእኔ ሌላ የምታውቀው ሜሮን ብቻ ናት። እሷም አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቤትም አብረን ነው የተከራየነው። እኔ በሌለሁበት ለሊሴን የምታያት እሷ ስለሆነች ነው የነገርኳት። አይ፣ ሜሮን አታደርገውም።

ረቡዕ

አድርጋዋለች።

ሽሮ እያማሰለች ነገረችኝ። እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው የቤት ለቤት የጸሎት ኅብረት "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲባል ተነሳች። አንዲት እህት ከቤተሰቧ ተደብቃ መርፌ ስትወስድ ቆይታ አርግዛለች፤ በፊት ደም ፈሷት ነበር፤ በሰላም እንድትገላገል እንጸልይላት አለች። ስም አልጠራሁም ትላለች! በዚህች መንደር ስም ምን ያደርጋል? አዴ ጫልቱ እዚያው ተቀምጠው አሜን ሲሉ ነበር። በጸሎት የተሰማ አይወራም ብለው ከማን እንደሰሙ ለለሊሴ አልነገሯት ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ምስጢሯን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው።

"ለጸሎት ነው እኮ ያነሳሁት፣ ሀኒ። ክፉ አስቤ አይደለም።"

"እንግዲያው ሄደሽ ያወራሁት እኔ ነኝ በያት።"

ሽሮውን ማማሰሏን ቀጠለች። ኳየር ውስጥ ዘማሪ ናት፤ ሐሜተኛ እንዳይሏት ፈርታ ነው። ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል! ሽሮውን አልነካሁትም።

ሐሙስ

ከሜሮን ጋር "ጓንት አቀብዪኝ" ብቻ ሆኗል ወሬያችን።

ሲዘንብ ዋለ። እዚያ መንደር በጭቃ አምቡላንስ አይገባም። ቤት ብትወልድስ? የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውዬ ለመንኳት፤ ምጥ ከጀመራት እንደምንም ወደ እኛ ታምጣት። "የእኔን ስም ግን እንዳታነሺ" አልኳት።

ቅዳሜ

ትናንት ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። አዴ ጫልቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ከኋላ ይከተላሉ። ልጁ ሊወጣ ደርሷል፤ አምቦ የሚባል ነገር የለም። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። "ሲስተር ሜሮን ታዋልደኝ።" ሜሮን አየችኝ። ያኔ መናገር ትችል ነበር። ጓንቷን አጠለቀች።

ከመጋረጃው ውጭ ቆምኩ። ሴት ልጅ። ወዲያው ሜሮን "ሀኒ!" ብላ ጮኸች፤ ደሙ መጥቷል። ሮጬ ገባሁ። እሷ ማህፀኗን ታሻለች፣ እኔ ግሉኮስ ሰካሁ፣ ደም የሚያቆመውን መርፌ ወጋሁ። መነጋገር እንኳ አላስፈለገንም፤ አብረን ስንሠራ እንዲህ ነን። ይሄም አናደደኝ። ደሙ ሲቀንስ በአምቡላንስ ወደ አምቦ ላክናት።

ዛሬ ጠዋት ባሏ ደወለልኝ። ደም ተሰጥቷታል፣ ደህና ናት። ልጅቷም ትጠባለች። "ለሲስተር ሜሮን ገለቶሚ በይልን፤ በጣም እናመሰግናታለን። ልጅቷንም ሜሮን ብለናታል።"

ስልኩን ለሜሮን ሰጠኋት። "ንገሪው" አልኳት። "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለችውና ዘጋችው።

ለሊሴ ስለዳነች ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን አልቅሻለሁ። ልጅቷን ለክትባት ስታመጣ እኔን ካገኘችኝ ተመልሳ የምትሄድ ይመስለኛል። የክትባቱን ቀን ተራዬን ከአሁኑ ለሜሮን ሰጠኋት።