ፊቴን ወደ ባሕር አዙሬ

ናታንያ፣ ዶራ ሰፈር
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፤ የዚህ አገር ሰው በወርኃ ኢያር የሚቆጥረው

ለተወደድሽው ልጄ ለተናኜ
ላርናካ፣ ቆጵሮስ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከሥራ ገብተሽ ዐረፍ ባልሽበት ሰዓት ይድረስሽ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ልጅሽ ኦዲያም ደኅና ናት። ቁመቷ እኔን አልፎኛል። ትናንት ጠዋት የነጠላዬን ጫፍ ስታስተካክልልኝ ቁልቁል ተመለከተችኝና፣ "ሳባ፣ እኔ አላደግሁም፤ አንተ ነህ ያጠርኸው" አለችኝ። እንደ አገሩ ልጆች አያቷን "ሳባ" ማለቱን አልተወችም፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አልቻልሁም። "አባባ፣ አንቱ ይመዝኑና ይፍረዱልኝ፤ እኔ እዚሁ ልቅርና አንቱም ኦዲያም ይምጡልኝ? ወይስ ሁሉን ትቼ ልመለስ?" ነበር ያልሽው። እኔም ነፋሱ ድምፅሽን ወሰደብኝ ብዬ ዘጋሁት። ነፋስ አልነበረም። መልሱ አፌ ላይ ስላልነበረ ነው።

እንደምታውቂው፣ አያቶቼ እምነታቸውን ሸሽገው በኖሩበት ዘመን ተወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ንባብና ዜማ ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወደ አባቶቼ ሥርዐት በተመለስሁ ጊዜ ብዙ ነገር ትቼ መጥቻለሁ፤ የኔታ ያስተማሩኝን የአተረጓጐም መንገድ ግን አልተውሁትም። የኔታ አንድን ቃል በአንድ ፍች ብቻ አይለቁትም ነበር። "አንድም" እያሉ ፍች በፍች ላይ ይደርባሉ፤ የልባቸውን ግን መጨረሻ ላይ ያኖሩታል። ጥያቄሽን በዚያው መንገድ ልፍታው።

መምጣቱ መልካም ነው፤ ለኦዲያ መልካም ነውና። ማንቂያው በጮኸ ቁጥር ወደ ሚክላት፣ ወደ ምድር ቤቱ መጠለያ እንወርዳለን። ከክረምት ወዲህ ይህች ልጅ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛ። "ምነው ልጄ?" ብላት፣ "አንተን መጎተት አለብኛ! ክር የማስርበት ጊዜ አለኝ?" አለችኝ። ለእናቴ እንዳትነግር ብላ ለምናኝ ነበር። ልመናዋን ያልጠበቅሁላት ሚዛኑ እንዳይዋሽ ብዬ ነው።

አንድም ላንቺ መልካም ነው። እዚህ በባሕሩ ዳርቻ ሆቴል የሰው አልጋ ስታነጥፊ በኖርሽበት ጊዜ፣ አለቃሽ ስምሽ ከብዶት "ታሊ" ይልሽ ነበር። እዚያ ግን በሙሉ ስምሽ እየጠሩሽ፣ አንቺ ቀምሰሽ ካላሳለፍሽው ሾርባ ከወጥ ቤት እንደማይወጣ ስትነግሪኝ፣ በድምፅሽ ውስጥ የሰማሁት ነገር ከልጅነትሽ ወዲህ ያልሰማሁት ነው። ሾርባው ከምን እንደሚሠራ፣ ሰንበትንም እንዴት እንደምታከብሪው ዛሬ አልጠይቅሽም። ሳልጠይቅ የቀረሁት ግድ ስለሌለኝ እንዳይመስልሽ።

ለእኔ ሲሆን ግን ሚዛኑ ወደ ሌላው ያዘነብላል። በዕብራይስጥ መገበያየት የቻልሁት በስተርጅና ነው፤ ቀልዱ የገባኝ ገና አምና ነው። አሁን ግሪክኛ ብጀምር የምስቀው በመቃብር ይሆናል። አንድም የማለዳው ጸሎት አለ። ራማት የዲዲም ሰፈር ያለችው ምኩራባችን የሽማግሌዎች ናት፤ አሥር ወንድ ካልተሟላ ደግሞ የጉባኤው ጸሎት አይባልም። አንዳንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩኝ፣ ቍጥሩ በእኔ እንደሞላ ዐውቃለሁ። እንደመጣሁ ሰሞን፣ የመመለሻውን ሥርዐት ፈጽሜ እስክጨርስ ድረስ፣ እዚያው ቆሜ የማልቈጠር ሰው እንደነበርሁ አትርሺ።

አንድም ወንድሜ ዳኘው አለ። ጎንደር በኪራይ ቤት ሆኖ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ጠጉሩ ነጭቷል። ሲደውል "እንዴት ነህ?" አይለኝም። "አለህ?" ነው የሚለኝ። "አለሁ" እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የምናወራው ስለ ዝናብ ነው። ከአውሮፕላን በወረደ ቀን እኔ ማዶ ቆጵሮስ ብሆን፣ ያ ሁሉ "አለሁ" ምን ሊባል ነው?

ይህን ሁሉ በልቤ ሳወጣና ሳወርድ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ምኩራቡ ቀለም ሲቀባ ስለሰነበተ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያሳየው ገደል አፋፍ ላይ፣ መናፈሻው ውስጥ ነበር የምንጸልየው። አጠገቤ የሚቆመው ያኮቭ ነው፤ በሱዳን በረሃ በእግሩ የመጣው፣ ምላሱ የማያርፈው ያኮቭ። ጸሎቱ ሲያልቅ በክርኑ ጎሰመኝ።

"አንተ ደብተራ! ኢየሩሳሌም በስተጀርባህ ናት።"

ቀና ብል እውነቱን ነው። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ዞሯል፤ እኔ ብቻ ፊቴን ለባሕሩ ሰጥቼ ቆሜያለሁ።

"የልጅነት ልማድ ነው" አልሁት አፍሬ። "ቤተ ክርስቲያን ስንቆም ፊታችን ወደ ምሥራቅ ነበርና እግሬ ተሳስቶ ነው።"

"ፀሐይዋ በየት በኩል ወጣች?"

"በኋላዬ።"

"እንግዲያ ይሄ ምሥራቅ ከየት መጣ? እዚያ ማዶ ያለው ምንድን ነው?"

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስሁ።

"ተናኜ ናት ያለች" አለ፣ ታሊቱን፣ የጸሎት ኩታውን፣ እያጣጠፈ። "ሂዳ እንግዲህ! ምን ይዞሃል? እኔም ባንድ ወቅት ጎረቤት አገር ሄጃለሁ፤ ሱዳን ይባላል። ምክር ከፈለግህ፣ ውሃ ይዘህ ሂድ።"

ሳቅን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አያቴ ትዝ አለኝ። እኔ ከየኔታ ዘንድ ስመለስ፣ እርሱ ቤት ውስጥ ብቻውን ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቆሞ አገኘዋለሁ። "ለምን ወደ ሰሜን?" ስለው፣ "ጀርባዬን ፀሐይ እንዲመታልኝ ነው" ይለኝ ነበር፤ ጣሪያ ሥር ቆሞ። ኢየሩሳሌም ከጎንደር ወደ ሰሜን መሆኗን ያወቅሁት እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሰው የናፈቀው ባለበት አቅጣጫ ቆሞ ሌላ ምክንያት እንደሚሰጥ፣ ከዘራችን የወረስሁት ይመስለኛል።

ፍርዴ እንግዲህ ይኸው። አትመለሺ። ኦዲያ ትምጣልሽ። ትምህርት ሲዘጋ እኔው ይዣት እመጣለሁ፤ እኔ ግን ለመኖር አይደለም። በአገራችን ሴት ልጅ ርቃ ስትሄድ እደጅ ድረስ መሸኘት ሽኝት አይባልም፤ ወንዝ ማሻገር ነው ወጉ። አባቴ እህቴን ወደ ባሏ አገር ሲሸኛት መገጭን እጇን ይዞ አሻገራት፤ ማዶ ላይ ግንባሯን ሳማት፤ ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ብቻውን በውሃው ተመለሰ። እናቴ "ለምን እዚህ ሆነህ አልተሰናበትሃትም? እግርህን አበሰበስኸው!" ብትለው፣ "የረገጠችውን መሬት ልይላት ብዬ ነው" አላት። እኔም ባሕሩን አሻግሬ፣ ኦዲያ ጫማዋን አውልቃ ስትተኛ በዐይኔ አይቼ እመለሳለሁ። እንድቀር ግን አትለምኚኝ። ሁለት ጊዜ ከለመንሽኝ እቀራለሁ፤ ዳኘውም ሲደውል የሚመልስለት ያጣል።

ለኦዲያ ትናንት ነገርኋት። "አንተስ?" አለች። "እኔ ሸኝ ነኝ" አልኋት። ወደ ክፍሏ ገብታ ብዙ ቆየችና፣ ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ስልኳን ይዛ ወጣች። ካርታ ከፍታ፣ ከላርናካ ተነሥታ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ በጣቷ ቀጥ ያለ መስመር ጎተተች። መስመሩ በናታንያ ላይ አለፈ። "አየህ ሳባ" አለችኝ፣ "እኛ እዚያ ሆነን ስንጸልይ ፊታችን ወደ አንተ ነው።"

የኔታ የልባቸውን መጨረሻ ላይ ያኖሩ ነበር ብዬሻለሁ። አንድም፣ ልጄ፣ የኔ መጨረሻ ይህ ነው፤ እኔ በሥርዐቱ ስቆም ጀርባዬን ላንቺ መስጠቴ ነውና ቅር አይበልሽ። አንቺ ግን ማለዳ ስትቆሚ ጸሎትሽ በዶራ ጣሪያ ላይ ነው የሚያልፈው። ድምፅሽን ትንሽ ከፍ አድርጊው።

የረገጥሽው መሬት ይቀበልሽ። የቀመስሽው ይጣፍጥልሽ። ኦዲያን ለወግ ለማዕረግ አድርሶ፣ እርሷንም ወንዝ የምታሻግሪበት ጉልበት ይስጥሽ። እንትፍ ብዬ መርቄሻለሁ፤ አሜን በዪ።

አባትሽ ዘመነ

የረሳሁት፦ የምኩራቡ ቀለም ደርቆ ወደ ውስጥ ከተመለስን ሰንብተናል። እኔ ግን ከጸሎት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ጥቂት ሳልቆም ቤቴ አልገባም። ያኮቭም አብሮኝ ይቆማል፤ ወዴት እንደምመለከት መጠየቁን ትቷል።