ሰባተኛው ናሙና

ኤልቤቴል፣

ቁልፉን አከራያችን እማማ ወርቂቱ ጋ ትቼልሻለሁ። የቀረሽን ሽሮ ጠዋት ጨርሼዋለሁ፤ ለሱ ብቻ ይቅርታ።

ማይክሮስኮፑን አጽድቼ ሸፍኜዋለሁ። እንዳትነኪው።

በሱ ያነሳኋቸውን የአልጌ ፎቶዎች ከላፕቶፔ ገልብጠሽ መመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ በስምሽ እንዳስገባሽ ትናንት አወቅኩ። ስድስት ወር በሚኒባስ አሪቻ ድረስ እየተመላለስኩ፣ ቡና ማጠቢያው ሥር ጭቃ ውስጥ እየተዘፈቅኩ ነው ውሃውን የቀዳሁት። አንቺ አንድ ቀን እንኳ ጫማሽ አልረጠበም።

አማካሪያችን ሰባተኛውን ናሙና አድንቀውልሻል። «ከማጠቢያው በላይ፣ ከንጹሑ ወንዝ ያገኘችው» አሉኝ። አላረምኳቸውም።

ሰባተኛው የወንዝ አይደለም። ማይክሮስኮፑን ልሞክር ብዬ ከግቢያችን በርሜል የቀዳሁት ነው። ተራሽ ሆኖ፣ «ነገ አጥበዋለሁ» እያልሽ ሦስት ሳምንት ስታልፊው አረንጓዴ ዝልግልግ ካበቀለው በርሜል።

ጽሑፉ ታትሞ ፈታኞቹ እጅ ገብቷል፤ መመለስ የለም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ዲፌንስሽ ላይ ከየት እንደቀዳሽው ሲጠይቁሽ ካርታው ላይ አሳዪያቸው።

አሁን ደግሞ በርሜሉን ልታጥቢ እንዳትሮጪ። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ቀድቼ ይዣለሁ፤ ከፊት ወንበር ታገኚኛለሽ።

ሐያት