ለቅድመ አያቴ የቀረበው ኬክ እና ስድስቱ የመስታወት ጫፎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እኔ ሚያሳካ ቺዙሩ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ዛሬ ጠዋት በቤታችን መሠዊያ ላይ ለቅድመ አያቴ መንፈስ የቀረበውን የባቄላ ኬክ በልቻለሁ። ሙሉውን። ፍርፋሪውንም።

አያቴ፣ አባባ፣ ባዶውን ሳህን አንስተው አዩት። ከዚያ «አባቴ የምግብ ፍላጎታቸው ተመልሷል» አሉ። ከሞቱ እኮ ሠላሳ ዓመታቸው ነው... የምራቸውን ይሆን? ከፊታቸው ምንም አይነበብም። አርባ ዓመት የሰዓት ዕቃ ሲወለውሉ ፊታቸውንም አብረው ወልውለውታል። መላጣ አናታቸውንማ ተዉት፤ ከሠሩት ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ እንደወትሮው የአባባ ወርክሾፕ። ሠላሳ የመስታወት ጫፍ ወለወልኩ። ሌላ ምንም የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አቶ ኩራሞቺ፣ መሐንዲሱ፣ ከቶኪዮ መለኪያ ሳጥናቸውን ይዘው መጡ።

የኛ ሥራ ሲያዩት ምንም አይመስልም። እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር፣ ጫፉ ትንሽ ነጭ ቱቦ ውስጥ ገብቶ። ወደፊት ስልክ ሁሉ በዚህ ክር ውስጥ በብርሃን ይሄዳል አሉ። ችግሩ ክሩ አይደለም፣ መቀጠያው ነው። ሁለት ጫፎች ሲገጥሙ በመሃላቸው ዓይን የማያየው ክፍተት ይቀራል። ብርሃኑ እዚያ ይጋጭና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሳጥኑ የሚመለሰውን ይለካል፤ መርፌዋ ከተኛች ጥሩ ነው።

የኛ ሲገባ መርፌዋ ብድግ! ሁሌም ብድግ።

«በደንብ ጠፍጣፋ አልሆነም ማለት ነው» አሉ አባባ።

«ኧረ አባት፣ ከዚህ በላይ ጠፍጣፋ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሳጥንህ ነው የታመመው!»

እስከሚቀጥለው ዓርብ ካልተሳካ ሥራው ለሌላ ይሰጣል አሉ አቶ ኩራሞቺ። ሳጥኑን ትተውልን ሄዱ።

እራት ላይ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ካልሆነ ናጎያ ከተማ የመኪና ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል። ለአዲስ ዓመት ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ።» እማዬ የምትልጠውን ዱባ እንደያዘች ቀረች።

በዓመት አንዴ የሚመጣ አባት? እንደ ፖስት ካርድ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ጣቶቼ ተላጡ። የአባባ ሕግ ቁጥር አንድ፦ ደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት በወፍራሙ መስታወት ላይ ይነጠፋል፤ ከስሩ አቧራ እንኳ አይገባም። ሕግ ቁጥር ሁለት፦ ሕግ ቁጥር አንድን እይ።

አባባ ግን ፍል ውሃ ሄደዋል። ስለዚህ... ከፒንግ ፖንግ ራኬቴ ላይ ቀዩን ጎማ ገሽልጬ ከወረቀቱ ስር አስገባሁት። እንዴት ይመቻል! እጄ ላይ ምንም አይሰማኝም። ስድስት ጫፍ ጨርሼ ከሌሎቹ ጎን ደረደርኩ። ጎማውን ኪሴ ከትቼ ወደ ጨዋታ። ማን ያውቃል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አባዬ ጮኸ። እሳት የተነሳ መስሎኝ ባልዲ ይዤ ሮጥኩ።

ስድስት ጫፎች! መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም!

«ቅዳሜ ኬኩን ሁለት አድርጌው ነበር» አሉ አባባ። «አባቴ ደስ ብሏቸዋል።» ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሦስት ኬክ ይቀርባል።

መንፈሱ ሊወፍር ነው። የዩኒፎርም ቀሚሴ ከወዲሁ ጠቦኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አባባ ራሳቸው አርባ ጫፍ ወለወሉ። አንድም አልሠራም።

አባዬ ስድስቱን በማይክሮስኮፕ አየ። «አባባ... እነዚህ ጠፍጣፋ አይደሉም። መሃላቸው ጉብ ብሏል፣ እጅግ በትንሹ። ለካ ለዚህ ነው! ሲገጥሙ መሃል ለመሃል ይነካካሉ፤ ክፍተት አይኖርም።»

«ከዚህ ቤት ጉብ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም!»

«ታዲያ ማን ሠራቸው?»

አባባ ማይክሮስኮፑን ቀምተው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ጣሪያውን።

ልናገር? በአባባ መስታወት ላይ ጎማ... ከቤት ያባርሩኛል። ራኬቴንም ጨምረው።

አባዬ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝና የጢም መላጫው ገብተዋል። መሠዊያው ላይ ደግሞ ኬኩ አምስት ሆኗል። ለምን አምስት?

ከሰዓት። አደረግኩት። ኬኮቹን አንስቼ (ሁለቱን ብቻ በላሁ) ቀዩን ጎማ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩና ከበሩ ጀርባ ተደበቅሁ። አባባ መጡ። ተንበረከኩ። የመሠዊያዋን ደወል መቱ። ሳህኑን አዩ።

«አባቴ፣ ጎማ መብላት ጀመሩ?»

ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ደግሞም እርስዎ በቀኝ እጅዎ ነበር የሚሠሩት። የስድስቱ ጫፍ ጭረት የግራ እጅ ነው። በዚህ ቤት ግራኝ አንዲት ብቻ ናት፤ አሁን ከበሩ ጀርባ አፍንጫዋን እየሳበች ነው።»

ወጣሁ። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ አላውቅም።

«አባባ! ያውቁ ነበር?»

«ኬኩን ከመጀመሪያው ቀን። ጫፎቹን ከትናንት።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቁኝም?»

አናታቸውን አሻሹ። «አርባ ዓመት የወለወለ ሰው አንቺን ይጠይቅ? ይኸው በአምስት ኬክ ስለምንሽ አይደል የዋልኩት!»

አባዬን ጠራነው። ሦስታችንም አንድ የራኬት ጎማ ላይ አቀረቀርን። ለካ ጎማው ሲጫኑት ይሰረጉድና ወረቀቱ የጫፉን ዳር ዳር አብዝቶ ይበላል፤ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሃያ ጥንድ። መርፌዋ ሃያ ጊዜ ተኛች። አቶ ኩራሞቺ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠለቁ፣ እንደገና አወለቁ።

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የአባቴ» አሉ አባባ፣ ቅንድባቸው ሳይነቃነቅ።

ሰውዬው ዞረው ለመሠዊያው እጅ ነሱ! ሳቄን ለማፈን እጅጌዬን ነከስኩ። ኋላ ግን... ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ትዕዛዙ መጣ። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል፤ ውስጡ የኔ የብርድ ካልሲዎች ናቸው። አባዬ ሲሠራ ያፏጫል፣ ያውም ያለ ዜማ። አባባ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ለሽማግሌዎቹ «ጠፍጣፋማ የሰነፍ ሥራ ነው» ይላሉ አሉ! ሕግ ቁጥር አንድም ተሻሽሏል፦ ከወረቀቱ ስር ጎማ ይገባል። እኔ ግን ራኬት አልባ ቀርቻለሁ።

የፈጠራ ማስመዝገቢያው ማመልከቻ ነገ ወደ ቶኪዮ ይላካል። ቅድመ አያቴ ይዩት ተብሎ መሠዊያው ላይ ተቀምጧል። ከኬኩ አጠገብ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ይህን የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው፤ በግራ እጄ እስክሪብቶ፣ በቀኜ ኬክ። ፖስታው ደግሞ አልታሸገም...

ከፈትኩት። «የፈጠራው ባለቤቶች» ይላል፣ በአባባ ወፍራም ብሩሽ። የአባባ ስም አለ። እንዴታ! የአባዬም አለ። ከሁለቱም በላይ ግን፣ መጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሌላ ስም አለ። የኬክ ፍርፋሪ ወድቆበታል። ላራግፈው ስል ከበሩ በኩል አባባ ያንኑ ስም ጠሩ...

«ቺዙሩ!»