የካሳሁን ቁርቁራ ነገ ይቆረጣል

ውዴ ካስዬ፣

እንደምን ነህ ብልህ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም፤ እኛ ግን እንደምንም አለን። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። ሙት ዓመትህን በደንብ አወጣን፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦችህም አልቀሩም። ልጃችን ህሊና ሰባተኛ ክፍል ገብታ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ካፖርትህን ለትምህርት ቤታችሁ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ክረምቱን ለብሶት ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር አንተ መስለኸኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ግን ይህን ልነግርህ አይደለም የተቀመጥኩት። ፈርቼ ነው። ድሮም ስፈራ ላንተ ነበር የምናገረው፤ አንቺ ደግሞ የጥላሽ ፈሪ ነሽ ብለህ ትስቅብኛለህ፣ እኔም እናደድና ፍርሃቱ ይለቀኛል። አሁን ማን ይሳቅብኝ?

ቁርቁራህ፣ ያ በእጅህ የተከልከው እሾሃም ዛፍ፣ ወደ ቤታችን አዘመመ። ያዘመመው ደግሞ በህሊና ክፍል በኩል ነው። ነገ ጠዋት ላስቆርጠው ወስኛለሁ። እባክህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ዘሩን ከቆቦ ይዘህ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? ለእናትህ ተዝካር ሄደህ ስትመለስ እኔ ከባለቤቴ አገር ምን መጣልኝ ብዬ ሻንጣህን ስፈታ፣ ያገኘሁት አንድ ቋጠሮ የደረቀ ፍሬ ነው። የሰው ባል ነጠላ ያመጣል፣ የኔው ጉድ እሾህ አመጣልኝ አልኩህ። አንዱን አፌ ውስጥ ከተትክልኝ። ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ጣፈጥ ብሎ መጨረሻው ላይ ኮምጠጥ ይላል፤ ደግሞ ስጠኝ ያልኩህ ሳልወድ በግዴ ነው። ከዚያ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብለህ ጠንካራውን ፍሬ በድንጋይ ትሰነጥቅ ጀመር፣ ውስጡ ያለው ዘር እንዳይደቅ ትንፋሽህን ይዘህ። አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቦንጋ የተጣለ ሁሉ ይበቅላል፣ ምን እንዲህ ያስጨንቅሃል ስልህ፣ ይሄኛው የሚሞተው በጥጋብ ነው አልከኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእናንተ ቆላ ዝናብ ሲጠፋ ሥሩን ቁልቁል ሰዶ ውሃ ፈልጎ ይኖራል፤ እዚህ ግን ውሃው ራሱ ይመጣበታል፣ ከእግሩ ሥር ከተኛ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ከጓዳው ጀርባ፣ ቤቱ ሲሠራ የተረፈው ድንጋይና አሸዋ ከተቆለለበት ጉብታ ላይ ተከልከው። ፍግ እንዳትጨምሩበት፣ የእንሰት ቅጠል እንዳታለብሱት ብለህ ግቢውን ሁሉ አስጠነቀቅክ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጋሽ ወልዴ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ተክልን ፍግ መከልከል ልጅን ጡት እንደመከልከል ነው እያሉ ስንት ቀን አሾፉብህ! በኋላ አበባ ሲያወጣ የእሳቸው ንቦች ናቸው መጀመሪያ የከበቡት። ከዚያ ወዲያ አፋቸውን ዘጉ።

ፍሬው እንደ ቆቦው ባይበዛም እፍኝ እፍኝ ይሰጠን ነበር። የቆረጥከውን እሾሃማ ቅርንጫፍ በጎመኑ ዙሪያ አጠርክበት፣ ፍየሎቹ አርፈው ተቀመጡ። ቅጠሉን ወቅጠህ በውሃ ስታሸው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ህሊናን በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ፀጉሯን በሱ ታጥባት ነበር። ፎረፎሯ ጠፋ፣ እሷም አባዬ ካላጠበኝ ማለት ጀመረች። እኔን ገፋችሁኝ እያልኩ አኮርፍ ነበር፣ የውሸቴን።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመህ እያስተማርክ ወደቅክ። ቤት የደረስከው በሰው ሸክም ነው።

የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ዝናቡ እንደሆነ አላባራ አለ። ለቀስተኛው ጭቃ ላይ እንዳይቀመጥ በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ፤ እዚህ አገር ያለዚያ ለቅሶ እንደማይቀመጡ ታውቃለህ፣ አንተም ለስንቱ ሐዘንተኛ ስትቆፍር ኖረሃል። ውሃው መሄጃ ይፈልጋልና ወደ ጓሮ ለቀቁት። መሬት ላይ የተነጠፈው የእንሰት ቅጠልም በመጨረሻው ቀን ተጠርጎ እዚያው ጉብታ ሥር ተከመረ። ማን ልብ ይበል? ሁሉም ሊያግዘኝ ነው የሚሯሯጠው። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ቦዩ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የግቢው ውሃ በዚያ እየሄደ አሸዋውን ከሥሩ ጠረገው።

ዘንድሮ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የበጋ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን አፈሩ ከግንዱ ጀርባ ተሰነጠቀ፣ እጅ ያስገባል። ጋሽ ወልዴን ጠራኋቸው። እንጨት ወደ ሥሩ ሰደዱና ሲያወጡት ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ይሸታል። ከዚያ ዓይናቸው ቦዩን ተከትሎ ከጓሮ እስከ ድንኳኑ ቦታ ሄደ። ዶማ አምጥተው ይደፍኑት ጀመር። አሁን ምን ያደርጋል ይተዉት ብላቸው አልሰማ አሉኝ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው በእንባ ርሷል። ቦዩን በእጃቸው የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ሰማይ ማየት ሆነ። ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ደመና ሲጠቁር ዓይኔ ውጭ ውጭ እያለ መርፌው ጣቴን ወግቶኛል። ነፋስ የቆርቆሮ ጠርዝ ባንኳኳ ቁጥር ወደቀ እላለሁ። ህሊናን ከዚያ ክፍል ማውጣት ደግሞ አልቻልኩም። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አልጋዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ ነው የምትተኛው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ፍራሿን ጎትቼ እኔ ክፍል አስገባሁት፤ ከሱቅ ስመለስ ቦታው መልሳዋለች። ግትርነቷ ያንተ ነው።

እህትህ እትዬ ደስታ ጋ ደወልኩ። ሳቁብኝ። ቁርቁራ ቢቆረጥ የሚሞት መሰለሽ ወይ፣ እኛ እዚህ ለአጥር በየጊዜው እንጨፈጭፈዋለን፣ ከጉልበት በታች ቁረጪው፣ ብሶበት ይመጣል አሉኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የሳቸው ቁርቁራ ደረቅ መሬት ላይ እንደቆመ፣ የኛው ሥሩ እንደበሰበሰ አሰብኩና ደስታው ጠፋ። ካስዬ፣ ፎቶህ ፎቶ ነው፣ ልብስህንም ሰጥቻለሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ በእጅህ ተክለኸው እስካሁን ቅጠል የሚያወጣ እሱ ብቻ ነው። ቁረጡት ብዬ ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። እንደገና ልቀብርህ መሰለኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሰነበትኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ከየት መጣ ሳይባል ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ ተነሣ። ሱቁን ሳልዘጋ ወጣሁ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ዞር ብዬም አላየሁት። ሰው እትዬ አልማዝ ምን ሆኑ እያለ ይጠራኛል፣ እኔ እሮጣለሁ። በሩን ስከፍት ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ እየተፋተገ ይጮሃል፣ ከግድግዳው ጭቃ ይረግፋል። ልጅህ አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ፣ ጀርባዋን በዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ነይ ውጪ ብል አልነቃነቅ አለች። ጎትቼ፣ አቅፌ፣ እየተንፈራገጠች አወጣኋት።

ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ልመታት እጄን አንስቼ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምን ነክቶሽ ነው ብዬ ጮህኩባት። ያኔ ነው የነገረችኝ። እኔ እዚያ ከተኛሁ አይወድቅም አለችኝ። የአባዬ ዛፍ እኔ ላይ አይወድቅም፣ ከወጣሁ ነው የሚወድቀው አለችኝ። ለካ ስትጠብቀው ነው የከረመችው። እኔ አንተን ናፍቃ መስኮቱን የመረጠች ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ዛፉ እንዳይሞት ገላዋን ከሥሩ አስቀምጣ፣ በየዝናቡ ስትጠብቀው ከርማለች። እኔ ሱቅ ሆኜ ስፈራ እሷ እዚያው ሥሩ ሆና ስትፈራ።

ካስዬ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አንተን በሸክም ሲያመጡህ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም፣ ያ አንዴ የሆነ ነገር ነበርና። ይሄኛው ገና ሊሆን የሚችል ነው። ከዚያ ወዲያ ማሰብ አላስፈለገኝም። ዝናቡ እንዳባራ እጇን ይዤ ጋሽ ወልዴ ጋ ሄድኩና ይቁረጡልኝ አልኳቸው። መሬቱ እስኪጠነክር፣ የእድሩም ሰው እስኪሰበሰብ ጥቂት ቀን ታገሺ ብለው ለነገ ጠዋት ቀጠሩልኝ። በገመድ ወደ ጎመኑ በኩል ይጎትቱታል፣ ጉቶውን ከጉልበት በታች ይተዉልኛል። የሚያቆጠቁጥ ከሆነ ያቆጥቁጥ። ካልሆነም አልሆነ።

ህሊና ካኮረፈች ቆየች፤ እየተኛች ያለችው ግን ከኔ ጋር ነው፣ አጥብቄ ስለያዝኳት። ዛሬ ከትምህርት ቤት መጥታ መጀመሪያ የተናገረችው፣ ሲቆርጡት አባዬ ያውቃል ወይ ብላ ነው። እኔው ጽፌ እነግረዋለሁ አልኳት። ይኸው ነገርኩህ።

አንተ ብትኖር ያን ዛፍ ገና ቅጠሉ ሲገረጣ በገዛ እጅህ ትጥለው ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነኝ። እስክሞት ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፣ ልጅህ ስታገባም ስትወልድም እጠራሃለሁ። አሁንም ግን እየፈራሁ ነው። ደመናው እንደገና በማንኪራ ጫካ በኩል እየጠቆረ ነው፣ እስከ ጠዋት እንዲቆይልኝ እየለመንኩ ነው። ነገ መጥረቢያው ሲያርፍበት እንደ ለቅሶህ ቀን እጮህ ይሆናል። እንዳይከፋህ። ልጃችን አጠገቤ ቆማ፣ እማዬ በቃ እያለች ትቆጣኛለች።

ያንተው አልማዝ