ቆጠራውን አብረን ፈርመን ነበር

ውድ አሠልጣኛችን፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የሚተረጉምልሽ ያው የሥልጠናው አስተርጓሚያችን ነው። «እባክሽ እትዬ ወሬ አታብዢ፣ ጣቴ ይዝላል» ብሎ ለምኖኛል። እሞክራለሁ፤ ግን ታውቂኝ የለ!

እኔ መቼም ያን ሦስት ሳምንት ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሠላሳ ሴቶች ተደርድረን የምርጫ ታዛቢነት ስታስተምሪን፣ ሳጥኑን ገልብጠን ባዶነቱን ስናሳይ፣ የተበላሸውን ወረቀት ከደህናው ስንለይ! «የሕዝብ ድምፅ አንዴ ከተቆጠረ ማንም አይነካውም» አልሽን። አፌ አያርፍ፣ «ትልቅ አገር ቢሆንስ የሚነካው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ሳቅሽና «የኔ አገር የቆመችው ማንም እንዳይነካው ነው» አልሽኝ። እህቴ ብዬ አመንኩሽ።

ፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድሜ፣ ምላሱ ስለሚቆርጥ «ምላጭ» የምንለው፣ ተፎካካሪውን ዳቦ ጋጋሪ በመቶ አሥራ አንድ ድምፅ በልጦ ከንቲባ ሆነ። ቆጠራውን እኔና አንቺ ፈረምን፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ አላለቀስሽም? እሱም ሥራ እንደጀመረ፣ አገርሽ ከከተማችን የተከራየችውን የአውሮፕላን ማረፊያ ውል አላድስም አለ። ለመራጩ ቃል የገባው ይህንኑ ነበር።

አንቺ በሄድሽ በዘጠነኛው ቀን የአገርሽ ባንዲራ ያለባቸው መኪኖች መጡ። ታምኚኛለሽ? እጄን አውለበለብኩላቸው! አንቺ የተመለስሽ መስሎኝ እኮ ነው። እነሱ ግን ፀጉር ቤቱ ገብተው ወንድሜን ምላጩን እንደያዘ አንጠልጥለው ወሰዱት። ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጦ ነበር በይኝ? ዳቦ ጋጋሪው! ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ እየጮኸ ተከትሎ ሮጠ፦

«ኧረ ተዉት! የተሸነፍኩት እኔ፣ ያልከፋኝ እኔ፣ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?»

በሬዲዮ «ምርጫው ተጭበርብሯል፤ ዴሞክራሲን ለማዳን ገብተናል» ተባለ። ከማን ነው የሚያድኑት? ከኔ?

የፈረምንበትን የቆጠራ ወረቀት ይዤ ወደ ማረፊያው በር ሄድኩ። አስተርጓሚያችን የወታደር ኮፍያ ደፍቶ ቆሟል፤ የልጆች አባት ነው፣ አልፈርድበትም። መኮንኑ ማን እንደሆንኩ ሲያስጠይቀኝ «ታዛቢ ነኝ» አልኩ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ፣ «የትኛውን ልበለው እትዬ? አይታ የምትመሰክር ወይስ አይታ የተቀየመች?» አለኝ። በኛ አፍ ቃሉ አንድ ነው። ያከበሩት ሰው የማይገባውን ሲያደርግ «ታዘብኩህ» ይሉታል፤ ከስድብ ይብሳል። ይህን አላስተማርኩሽም ነበር።

«ሁለቱንም በለው» አልኩት።

መኮንኑ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «የሷ ፊርማ ምንም አይጠቅምም። የኛዋ ሴት ፊርማው የኔ ነው ካለች እናየዋለን» አለ። ካልሆነ ሐሙስ ጠዋት ወንድሜን በአውሮፕላን ይጭኑታል፤ ወዴት እንደሆነ አይናገሩም። እናቴ በየሰዓቱ «ምሳውን በላ?» ትለኛለች።

የምለምንሽ አንድ ቃል ነው፤ «ፈርሜአለሁ» በይ። ዳቦ ጋጋሪው በበኩሉ «በትክክል ተሸንፌአለሁ» ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል። እንዲህ ያለ ማመልከቻ የት ታይቶ ያውቃል!

እዚህ ታች «እህትሽ» ብዬ ልፈርም ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ቦታውን እስከ ሐሙስ ባዶ ትቼልሻለሁ።