ኦፓሉን የጫረው

ኅዳር 3
የኦፓል መወልወያ ዱቄት የሚሆነውን የሴሪየም ዝቃጭ ለስድስተኛ ጊዜ በውሃ አጠብኩት። የአሞኒያው ሽታ ከእጄ አልለቅ አለ። ነገ ምድጃ ይገባል፣ አምስት መቶ ዲግሪ። ድንጋይ የሚወለውለው ሸሪኬ ጀይላን፣ "ይኼ ቢጫ ዱቄት ነው ከውጪ አገር ከሚመጣው የሚበልጠው?" አለኝ። ምን ማለቱ ነው? የመወልወያውን ሱፍ እንደ ሁልጊዜው ቤት ወሰድኩ። እሱ ዘንድ ካደረ ሱፉ ላይ የቀረውን ዱቄት ለማን እንደሚያሳይ ማን ያውቃል... አጥቤ አጥር ላይ አሰጣሁት።

ኅዳር 9
የዱቄቱ የኤክስሬይ ምርመራ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ቅንጣቶቹ በአማካይ አሥራ ስምንት ናኖሜትር፣ ድንጋይ የማይጭር ልም! አልሐምዱሊላህ። የኦፓል ነጋዴዋ ሐቢባ፣ "ሦስት ድንጋይ ያለ ጭረት አሳዩኝ፣ የዓመቱን ዱቄት ከናንተ እወስዳለሁ" አለች። ካልሆነስ? ሱቁን መዝጋት ነው።

ኅዳር 11
የመጀመሪያውን ድንጋይ በዱቄቱ ወለወልን፤ ጫረው። በማጉያ አየሁት፣ ረዣዥም መስመር። አሥራ ስምንት ናኖሜትር እንዲህ አይጭርም። አንድ ሰው የሆነ ነገር ጨምሮበታል። የሱቁ ቁልፍ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን። ጀይላን ለምን አንገቱን ደፋ?

ኅዳር 12
ትናንት የዱቄቱን ብልቃጥ አሽጌ መዘንኩት፣ አርባ ግራም። ዛሬ አርባ አንድ። እርጥበት ስቦ ይሆናል... አውቃለሁ። ግን ልቤ እምቢ አለኝ።

ኅዳር 14
ዛሬም ጫረ። አላስቻለኝም።
"ምን ከተትክበት?" አልኩት ጀይላንን።
የያዘውን ድንጋይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ያ ሙሚና፣ ማል ታቴ? ምን ነካሽ? ወላሂ ካንቺ ማንኪያ ሌላ ዱቄትሽ ውስጥ የገባ የለም።"
ቁልፉን ሰጥቶኝ ወጣ። ንፁሕ ቢሆን ይሄድ ነበር? አልኩ።

ኅዳር 15
ብቻዬን ልሠራ ሱፉን ስዘረጋ ጣቴን ሻከረኝ። በማጉያ... አሸዋ! ቤቴ ደሴ መንገድ ዳር ነው፤ የመኪናው አቧራ ሁሉ አጥሬ ላይ ነው የሚያርፈው። እሱን ጠርጥሬ የወሰድኩት እኔ። ያሰጣሁት እኔ። አዲስ ሱፍ ቆርጬ ሦስቱን ድንጋይ ወለወልኩ። አንድም ጭረት የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

ኅዳር 17
ጀይላን ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ዘሊካ ነበረች። እሱ ባቲ ከተማ ሄዶ ሥራ ጀምሯል አለችኝ።
"አፉ ብሎሻል፣ ቂም የለውም" አለችኝ። "ሰው ሲጠይቀውም፣ የተለያየነው በኔ ጥፋት ነው ይላል። ስምሽ በክፉ እንዳይነሳ።"
ደጃፉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ቀጥታ ሐቢባ ዘንድ ሄጄ፣ ስለ ውሉ ሳላነሳ፣ ጀይላን ምንም እንዳላጠፋ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በሰው ፊት ነገርኳት።