ፈረሰኛ ያልወጣበት ፋሲካ

ገሜ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላው ደግሞ ደጃችን ደርሷል። ያን ቀን መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ ሳለ ከሥራ አልቀርም ብለህ በእግርህ ወጣህ፤ ሬሳህ ተመለሰ። ማን እንደተኮሰ ዛሬም የነገረኝ የለም። መጠየቄን ግን አልተውኩም፤ አልተውምም።

ቤታችን እንዳለ ነው። የተከልከው ኮክ አጥሩን አልፏል። ሌሊሴ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እንዳንተ የቀኝ እግር ጫማዋን ብቻ ቶሎ ትጨርሳለች። ቡራዩ ግን ወሬ ብቻ ሆናለች፤ ዋና ከተማውን ወደ እኛ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን መጣ፣ ቀረ፣ ያፈርሳሉ፣ አያፈርሱም።

ይህን የሰሙት ታላቅ ወንድምህ ኦቦ ቶሎሳ ከሱሉልታ ይመላለሱ ጀመር። ቦታው ሳይወሰድ እንሽጠው፣ አንቺም ልጅሽን ይዘሽ እኛ ዘንድ ግቢ አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ፍርሃት ነው። አልሸጥም አልኩ። እሳቸውም ለፋሲካ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተን እንጨርሰዋለን ብለው አንድ አውራ ዶሮ አስቀድመው ላኩ።

ዶሮውን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ወጥ ከሠራሁ ብልት ማውጣት አለ፤ ፈረሰኛው ደግሞ የአባወራው ድርሻ ነው። ሽማግሌ ፊት ለእሳቸው ካወጣሁ ቤቱን በገዛ ጭልፋዬ አስረከብኩ ማለት ነው። ከከለከልኳቸው ባለጌ እባላለሁ።

ያኔ ያንተ ሰላጣ ትዝ አለኝ። ከምትሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ደክሞህ ስትገባ፣ ቁሌት እስኪበስል የምጠብቅበት አንጀት የለኝም እያልክ የምትሠራው። ዶሮዋን በጨውና በነጭ ሽንኩርት ትቀቅላለህ፣ ሥጋውን በእጅህ ትበጣጥሳለህ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፈህ ሎሚና ዘይት ታፈስበታለህ፤ አለቀ። ጎረቤት ዶሮ በጥሬ ቅጠል ይበላሉ ብሎ ሲስቅብን፣ አንተ ሳህን ሞልተህ ትልክላቸው ነበር።

እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ቶሎ ይደርሳል የምትለው ግን አልሆነም፤ የወንድምህ አውራ ዶሮ እንደ ላኪው አንገተ ደንዳና ነበርና ግማሽ ቀን አስቀቀለኝ። ከዚያ ፈረሰኛውንም፣ እግሩንም፣ ክንፉንም ከአጥንቱ ለይቼ አንድ ላይ በጣጠስኩት። ለየሰው የሚታደለውን እንቁላልም ቀቅዬ ከተፍኩበት። የቱ የማን ድርሻ እንደሆነ ፈጣሪም አይለየውም።

የፋሲካ ዕለት ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው ሳቀርብላቸው፣ ኦቦ ቶሎሳ ሳህናቸውን በሹካ ሲያገላብጡ ቆዩ። ያኔ ተነስቼ፣ ይህ ቤት አባወራው ሞተ እንጂ ባለቤት አላጣም፣ አልሸጥም፣ አፍራሽ ከመጣም በሩ ላይ ያገኘኛል አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፈርቼ ግን ነበር፤ ላንተ አልዋሽም።

ወንድምህ ጎረሱ። ይህ የወንድሜ እጅ ነው ብለው አለቀሱ፤ ከዚያ እንድጨምርላቸው ሳህናቸውን ዘረጉ። ሽያጩን ከዚያ ወዲህ አላነሱትም። ነገ ያነሱት ይሆናል፤ ያንሱት።

አልረሳህም ገሜ። ቤቱን ስጠብቅ፣ ገዳይህ ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ በየፋሲካው ዶሮ ስበጣጥስ አስብሃለሁ። በዚህ ቤት ፈረሰኛ የሚወጣለት ሰው አንተ ነበርክ፤ ካንተ በኋላ ለማንም አላወጣሁም። ሌሊሴ አድጋ ብልት ማውጣት ስትማር ግን ለራሷ ታወጣለች።

ያንተው አስቴር፣
ከቤታችን